ስድስተኛዋ ጣት

የአውቶቡስ ጎማ ስፈታ፣ ስገጥም ውዬ፣ እጄን ታጥቤ፣
ምድር ቤት እወርዳለሁ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ሻዬን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ተስቤ።
ዊኒፔግ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ውስጥ ግን ከሮዴል የገዛሁት ያገለገለ ካርድ
ማራገቢያው እየጮኸ ጉልበቴን ያሞቀኛል።
«ማሞቂያ ነው» እላታለሁ ሚስቴን፤ እሷም ይገባታል።

ዓይናዲስን ነው የምሠራት።
ቁልፍ ሠሪ ናት፤ ከሬድ ሪቨር በረዶ ሥር ነው ቤት ያላት፤
ሚያዝያ ሲገባ ቁልፎቿን አንጠልጥላ ወጥታ
ወንዙን የምትከፍተው፣ በረዶውን አንኳኩታ።
ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣
ድልድዩ መሐል መኪናዬ የቆመች ለት።

ጻፍኩ፦ «ሴት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ። ጠይም።
ትከሻዋ ሰፊ። ፈገግ አትልም።
ግንባሯ ላይ ጠባሳ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት።»
ማሽኑ የሰጠኝ፣ ሃያ ያልሞላት፣ ሽቶ የምታስተዋውቅ ወጣት፤
ጥርሷ እንደ አጥር የተደረደረ፣
ጠባሳዋ የት እንደ ሄደ እንጃ፣ ጠፍቶ ቀረ።
«ደከም ያለች» ስለው፣ አመጣ ሕመምተኛ፣
«ጠንካራ» ስለው፣ ጦር የነቀነቀች ጦረኛ፣
«አበሻ» ስለው፣ ጉድ በል! ግመል ጨመረልኝ፣ አሸዋ ላይ የተኛ።
ቃል ለካ ጨው ነው፤
ሲያንስ አልጫ፣ ሲበዛ ማን ይጉረሰው።

እያንዳንዱ ፊት የሚበቅልበት የዘር ቁጥር አለው።
እኔ፣ ዘር ከሚቆጠርበት ማዕድ ስሸሽ የኖርኩት ሰው፣
በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ዘር እቆጥራለሁ፦
«አራት ሺህ ዘጠና ሰባት፤ ዓይኗ ጥሩ፣ አፍንጫዋን አልወደድኩትም፣ አያለሁ።»
«ስድስት መቶ አሥራ ሦስት፤ ይቺ ናት!» ሁለቴ አሠመርኩበት።
ያንን ዘር በዘራሁ ቁጥር ያቺው ትበቅላለች፣ ሌሊት በሌሊት።

ቀጥሎ ጥገና። ፊቷን በሙሉ አልነካም፤
ለአንዲት ቀዳዳ ሙሉ ጎማ አይጣልም።
ጠባሳው የሚያርፍባትን ቦታ ብቻ እቀባና
«እዚህ ብቻ ሳል፣ በትንሹ» እለዋለሁ። እንደገና። እንደገና።
አርባ ጊዜ ሳለ፤ ሠላሳ ዘጠኙን ጣልኩ።
ፍንጭቷ በአሥራ አንደኛው መጣ፤ ብቻዬን ሳቅኩ።
ምስሉን ሳገዝፈው ደግሞ ሌላ ጣጣ፣
ቆዳዋ ተወለወለና ሰም የተቀባ ፊት መጣ።
ሰሙስ ይኸው፤ ወርቁ የታለ?
ወደ ኋላ መለስኩት፤ ላብ ይኑራት፣ ማድያትም ካለ።

ቀረች ግራ እጇ፣ ቁልፉን የያዘችበት።
ስድስት ጣት።
አንዷን ባጠፋት አውራ ጣቷ መንታ ሆነች፤
አውራ ጣቷን ባስተካክል ትንሿ ከመዳፏ መሐል በቀለች።
ሦስት ሌሊት ስቆርጥ፣ ስትበቅል።
«ቢቆርጧት ታማለች፣ ቢተዋት ታሳፍራለች» ይባል የለ፣ ስድስተኛ ጣት፤ እኔን ግን ጨርሶ እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ልክ እንደ ጥርስ ሕመም፣ እንደ ቁስል።

ማህቶት ደረጃውን በካልሲዋ ወርዳ
«ደብተሬስ?» አለችኝ፣ ለፈተና ስትሰናዳ።
ከዚያ ስክሪኑን አየች። ዝም ብላ ቆየች።
«በሮቹ ስንት ናቸው?» አለች።
«የምን በሮች?»
«የወንዙ ናቸዋ፣ እሷ የምትከፍታቸው።»
ክረምቱን ሙሉ ፊቷን ሳበጅ ከረምኩ እንጂ በሮቿን አልቆጠርኳቸው።
«በቃ ስድስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጣት።»
ማውሱን ለቀቅኩት።

ምስሉን በስሟ መዘገብኩ። ደብተሩን መለስኩላት፤
የጀርባውን ዘር ሁሉ ሚስስ ክሊምቹክ ምን ትለው ይሆን፣ ስታርምላት?

ጠዋት ድልድዩን ስንሻገር ማህቶት ጓንቷን አወለቀች፤
መስኮቱ ላይ በጋገረው ውርጭ፣ ቁልቁል እያየች፣
ስድስት መስመር አሰመረች።
ከታች ዝም።
ገና የካቲት ነው።